ቤት ድረስ የምትመጣዋ ነርስ ማን ናት? ምንስ ተምራለች?

በዛሬው የትምህርት ገጻችን የምናነሣው ለእናቶችና ለሕፃናት ጤና ነርሶች ስለሚሰጠው የድኅረ ምረቃ ሥልጠና ነው። ርእሱን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ዓመት በማታው የጎልማሶች ክፍላችን አንዲት እናት «ውጭ አገር ነርስ ቤት ድረስ ትመጣለች ይባላል፤ ለምንድን ነው?» ብላ ጠይቃን ነበር። እኛም ሳናጣራ «የልጅ አያያዛችሁን ለመንግሥት የምታቀብል ናት፤ ተጠንቀቁ» ብለን መለስን። መምህር የተናገረው ደግሞ ከክፍል ወጥቶ በቦኖው ሰልፍም በራሽኑ ሰልፍም ይደገማል።

በቅርቡ ከዚህ ከካኩማ ወደ ሜልቦርን፣ አውስትራሊያ የሄደች የቀድሞ ተማሪያችን ለእህቷ የላከችውን የድምፅ መልእክት ሰማን። በወለደች በሳምንቷ ነርሷ በሩን ስታንኳኳ መብራት አጥፍታ፣ ሕፃኑ እንዳያለቅስ ጡቷን አጉርሳ ዝም አለች። በሁለተኛው ጊዜም እንዲሁ አደረገች። በዚያን ሰሞን ጡቷ አብጦ ትኩሳት ይዟት ነበር፤ ሕፃኑም እየከሳ ሄደ። እናት የለ፣ ጎረቤት የለ፣ ገንፎ የሚያገነፋ የለ። በሦስተኛው ቀን በሩን የከፈተው ባሏ ነው። ነርሷ በስልክ አስተርጓሚ አስጠርታ፣ እጇን ታጥባ፣ አጠባቡን አየች፤ የሕፃኑን አያያዝ አስተካከለች፤ እናቲቱም በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ እንድትደርስ አደረገች። የመልእክቱ መጨረሻ «ለመምህሮቹ ንገሪልኝ፤ ሌላዋ እንደኔ በሯን እንዳትዘጋ» የሚል ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ትምህርት ብቻ ሳይሆን የራሳችንም እርማት ነው።

ሀ. ነርሷ ለምን ትመጣለች?

ሜልቦርን የምትገኘው ቪክቶሪያ በሚባለው ክፍለ አገር ነው። በዚያ የመጀመሪያው የሕፃናት ጤና ጣቢያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1917 ሪችመንድ በተባለው የሠራተኞች ሰፈር ነበር። ያን ጊዜ ብዙ ሕፃናት አንድ ዓመት ሳይሞላቸው በተቅማጥና በመሳሰለው በሽታ ይሞቱ ነበርና እናቶችን ለመርዳት የታሰበ ሥራ ነው።

ዛሬ አንድ ልጅ ሲወለድ ሆስፒታሉ ለሰፈሩ ማዘጋጃ ቤት የማስታወቅ ግዴታ በሕግ አለበት። ነርሷ የምትመጣውም በዚህ መነሻ ነው። ልብ በሉ! የምትመጣው ስደተኛ ቤት ብቻ አይደለም። የሀብታሙም፣ የዶክተሩም፣ የዳኛውም ልጅ ሲወለድ ትሄዳለች። አገልግሎቱ ክፍያ የለውም። የመጀመሪያው ጉብኝት በቤት ይሆንና ቀሪዎቹ ባብዛኛው በጤና ጣቢያ ይከናወናሉ፤ ይኸውም በ2፣ በ4 እና በ8 ሳምንት፣ በ4፣ በ8፣ በ12 እና በ18 ወር፣ በ2 ዓመት፣ በመጨረሻም በ3 ዓመት ተኩል ነው። በጠቅላላው አሥር ጊዜ ማለት ነው። ለእናቲቱም አረንጓዴ ሽፋን ያለው የልጁ የጤና መጽሐፍ ይሰጣታል። በየጉብኝቱ የሚጻፈው እዚያ ላይ ነው።

ለ. የሥልጠናው ደረጃዎች

ይህችን ነርስ በአንድ የጥቂት ወራት ኮርስ የወጣች አድርጎ ማሰብ ስሕተት ነው። በቪክቶሪያ ለብዙ ዘመን የጸናው ደንብ ሦስት ደረጃ አለው።

አንደኛ፦ የነርስነት ዲግሪ። በሙሉ ጊዜ ሦስት ዓመት ይወስዳል።

ሁለተኛ፦ የአዋላጅነት ትምህርት። ነርሷ በአዋላጅነትም መመዝገብ አለባት።

ሦስተኛ፦ በሕፃናትና በቤተሰብ ጤና የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ። በሙሉ ጊዜ አንድ ዓመት ያህል ነው፤ ሥራ ላይ ሆነው በከፊል ጊዜ የሚማሩት ሁለት ዓመት ያህል ይፈጅባቸዋል። በክፍልም፣ ልምድ ካላት ነርስ ጋር በጤና ጣቢያና በየቤቱም የሚሰጥ ነው።

«ነርስ ሆና፣ አዋላጅም ሆና እንደገና ምን ትማራለች?» የሚል ይኖራል። መልሱ ይህ ነው፤ የሆስፒታል ነርስ የምታየው የታመመን ሰው ነው። ይህችኛዋ ግን የምታየው ጤነኛ የሚመስለውን ልጅ፣ ደኅና ነኝ የምትለውን እናትና ቤተሰቡን በሙሉ ነው። ያልታየውን ችግር አስቀድሞ ማየት ራሱን የቻለ ትምህርት ይጠይቃል።

ሐ. ከሚማሩት ዋና ዋናዎቹ

1. እድገት። ክብደት፣ ቁመትና የራስ ዙሪያ ይለካል። የሚነጻጸርበት ሰንጠረዥ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ነው፤ የተሠራውም በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ የጡት ወተት ያደጉ ሕፃናትን በመለካት ነው። ትምህርቱ ይህ ነው፤ በደንብ የተመገበና በሽታ ያልበዛበት ሕፃን የየትም አገር ቢሆን በተቀራራቢ መንገድ ያድጋል። በስደተኞች ካምፕ ክሊኒክ የልጅ ክንድ የሚለካበት ባለ ቀለም ጥብጣብም ዓላማው ቅርብ ነው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለ ልጅ ላይ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ካሳየ ቀይ ነው፤ ከባድ የምግብ እጥረት ማለት ነው። ልዩነቱ፣ በካምፕ የመጀመሪያው ጥያቄ ረሃብ ሲሆን፣ በዚያ ደግሞ ልጁ መቼ ተቀመጠ? ለድምፅ ይዞራል ወይ? ስንት ቃል ይናገራል? የሚለውም አብሮ ይጠየቃል።

2. ጡት ማጥባት። ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ ከእናት ጡት በቀር ውሃም አያስፈልገውም። ጡት አብጦ ትኩሳት ሲመጣ ብዙዎቻችን «ወተቱ ተበላሽቷል» ብለን ማጥባት እናስቆማለን። ይህ ስሕተት ነው። ወተቱ ሲጠራቀም እብጠቱ ይብሳል። እናቲቱ ማጥባቷን ሳታቋርጥ ቶሎ ሕክምና መሄድ አለባት።

3. የእናት አእምሮ። የኤድንበራ መጠይቅ የሚባሉ አሥር ጥያቄዎች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ስኮትላንድ ውስጥ የተዘጋጁ ናቸው። ባለፉት ሰባት ቀናት ስለ ነበረው ኀዘን፣ ፍርሃት፣ እንቅልፍ ማጣትና ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ይጠይቃሉ። እነዚህ ጥያቄዎች እብደትን ለማወቅ የወጡ አይደሉም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት የሚታከም ሕመም ነውና እናቲቱ እውነቱን ብትናገር ትጠቀማለች።

4. እንቅልፍ። ሕፃን በጀርባው እንዲተኛ ይመከራል። በሆድ ማስተኛት አደጋ መሆኑ ታውቆ ምክሩ ከተሰጠ ወዲህ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ፣ በአውስትራሊያ የሕፃናት ድንገተኛ ሞት በጣም ቀንሷል።

5. በቤት ውስጥ የሚደርስ ጥቃት። ነርሷ ይህን የምትጠይቀው እናቲቱ ብቻዋን ስትሆን ነው። ስለዚህ ባል «ለአፍታ ውጣልን» ቢባል እንደ ንቀት አይቁጠረው፤ ለሁሉም የሚደረግ ነው።

መ. «ልጅ ትወስዳለች» ስለሚባለው

ሙሉውን እውነት መናገር ይገባናል። ቪክቶሪያ ውስጥ አንድ ልጅ በድብደባ ወይም በወሲብ ጥቃት ክፉኛ እየተጎዳ መሆኑን ለማመን በቂ ምክንያት ያላትና ወላጆቹም እንዳልጠበቁት የተረዳች ነርስ ለሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት የማሳወቅ ግዴታ አለባት። ይህ ግዴታ በሐኪሙም፣ በመምህሩም፣ በፖሊሱም ላይ አለ። እኛ መምህራን እዚያ ብንሆን ኖሮ እኛንም ይይዘን ነበር። ስለዚህ በአለንጋ መቅጣትን «ባህላችን ነው» ብሎ ማስረዳት እዚያ አያዋጣም። የሴት ልጅ ግርዛትም በቪክቶሪያ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ለዚሁ ሲባል ልጅን ወደ ሌላ አገር መውሰድም ወንጀል ነው።

ነገር ግን ድህነት፣ የቤት ዕቃ ማነስ፣ እንግሊዝኛ አለማወቅ ወይም ልጅን ማዘል ጥፋት አይደሉም። ልጅን ከወላጅ መለየትም የነርስ ሥልጣን አይደለም፤ የሕፃናት ጥበቃና የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። ነርሷ የሠለጠነችው ነገሩ እዚያ እንዳይደርስ ቤተሰብን አስቀድማ ለመርዳት ነው።

አስተርጓሚ መጠየቅም መብት ነው። በአውስትራሊያ የስልክ አስተርጓሚ ቁጥር 131 450 ነው። «አማርኛ» ማለት ብቻ ይበቃል። ትልቁን ልጅ አስተርጓሚ ማድረግ ግን ጥሩ አይደለም፤ ልጅ ሊሰማው የማይገባ ጥያቄ አለ።

ሠ. ከመካከላችን ላሉ ነርሶችና አዋላጆች

በኢትዮጵያ ሠልጥናችሁ በካምፕ የምታገለግሉ እህቶችና ወንድሞች «ያ መንገድ ለኛም ክፍት ነው?» ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ። ክፍት ነው፤ ግን አጭር አይደለም። የአገራችን ዲፕሎማ እንዳለ አይሠራም። የአውስትራሊያ የነርሶችና አዋላጆች ቦርድ የትምህርት ማስረጃን ይመረምራል፤ የእንግሊዝኛ ችሎታ ይጠይቃል፤ እንደ ሁኔታውም የእውቀትና የተግባር ፈተና ይኖራል። ይህ ያልሆነለት በረዳት ነርስነት ዲፕሎማ ጀምሮ ወደ ዲግሪ ማደግ ይችላል። ስለሆነም ከአሁኑ ከተማራችሁበት ትምህርት ቤት የውጤት ዝርዝራችሁን አስመጡ፤ የሥራ ማስረጃችሁን በላስቲክ ጠቅልላችሁ አኑሩ፤ እንግሊዝኛችሁን አታቋርጡ። ለሴት ተማሪዎቻችንም የምንለው አለን፤ ሒሳብና ሳይንስን ጠልታችሁ አትተዉ፤ የዚህ ሁሉ መሰላል የመጀመሪያው ደረጃ እሱ ነው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ነርሷ የወለደችውን እናት ቤት እንዴት ታውቀዋለች?
2. ሥልጠናው ስንት ደረጃ አለው? በየተራ ዘርዝሩ።
3. ጡቷ ያበጠ አራስ ምን ማድረግ አለባት? ምንስ ማድረግ የለባትም?
4. ነርስ ለመንግሥት የማሳወቅ ግዴታ የሚኖርባት መቼ ነው? የማይኖርባትስ?
5. ቪዛ ለወጣላት ጎረቤታችሁ ይህን ትምህርት በሁለት ደቂቃ በቃላችሁ አስረዱ።

አምስተኛውን ጥያቄ አንብባችሁ ብቻ አትለፉት፤ በቦኖው ሰልፍ ላይ ሥሩት። የተሳሳተውን መልስ ያሰራጨነው በዚያ ነውና እርማቱም በዚያው እንዲሄድ እንሻለን። ጥያቄውን ላነሣችው እናትም ባለፈው ሳምንት በክፍል ፊት መልሳችንን አርመን ሰጥተናታል።