የሙታን ክብርና የሕያዋን ዕዳ

ስለ ቀብር ወጪና ከሞት በኋላ ስለሚደረግ ዝግጅት የቀረበ ትምህርት



ሙታንን መቅበር ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ከምታስተምራቸው ሰባት የሥጋዊ ምሕረት ሥራዎች አንዱ መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። ሆኖም ይህ የምሕረት ሥራ በብዙ ቤቶች የዕዳ ምንጭ ሆኖ ይታያል። ሟች በክብር ይሸኛል፤ ድንኳኑ ከተነሣና አስተዛዛኙ ከተበተነ በኋላ ግን የትዳር ጓደኛውና ልጆቹ ብድር ሲከፍሉ ይኖራሉ። የዚህ ትምህርት ዓላማ በሐዘን ጊዜ ከሚወጣው ገንዘብ የትኛው ግዴታ፣ የትኛው ልማድ፣ የትኛውስ ይሉኝታ እንደ ሆነ ለይቶ ማሳየት፣ ቤተ ሰብም በቅደም ተከተል ሊፈጽማቸው የሚገባቸውን ተግባራት ማስረዳት ነው።

ይህን የምጽፈው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ክህነት በተቀበልሁ በሦስተኛው ዓመት አባቴ ዐረፈ። ቀብሩ የተፈጸመው በእድሩ ገንዘብና በጎረቤት ጉልበት ስለ ነበረ ቤተ ሰቡን ያስወጣው ጥቂት ነው። ችግሩ የመጣው በ40ኛው ቀን ነበር። ዘመድ ሁሉ፣ «የቄስ አባት በባዶ ቤት አይታሰብም» አለ። እናቴ ሁለቱን የወተት ላሞች ሸጠች፤ ያልበቃውን ተበደረች፤ ታናሽ እኅቴም በዚያ ዓመት ትምህርቷን አቋረጠች። እኔ ፍትሐቱን አደረስሁ፤ ቅዳሴውንም ቀደስሁ፤ ድግሱን ማን እንደሚከፍለው ግን አልጠየቅሁም። የሚደገሰው ስለ እኔ ስም ጭምር ስለ ነበረ ዝምታዬ እንደ ፈቃድ ተቆጠረ።

፩. የቅዱሳት መጻሕፍትና የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

ስለ ቀብር ወጪ በመጽሐፍ ቅዱስ መጀመሪያ የምናነበው በአብርሃም ታሪክ ነው። ሣራ በሞተች ጊዜ አብርሃም የመክፌላን ዋሻ በ400 ሰቅል ብር ገዛ (ዘፍ. 23)። አስቀድሞ ዋጋውን ጠየቀ፤ ዋጋው በግልጽ ተነገረ፤ ብሩም በሰው ሁሉ ፊት ተመዘነ። ሐዘንተኛ ቢሆንም የሚከፍለውን ዐውቆ ከፈለ። አባታችን አብርሃም ዋጋ መጠየቅን እንደ ነውር ካልቆጠረው እኛም ልንቆጥረው አይገባም።

ጦቢት ደግሞ ለልጁ ለጦብያ ሲናዘዝ ሁለት ነገሮችን አያይዞ አዘዘው፤ በሚገባ እንዲቀብረውና እናቱን በሕይወቷ ዘመን ሁሉ እንዳይተዋት (ጦቢ. 4)። ሙታንን በመቅበር የታወቀው ይህ ጻድቅ የራሱን ቀብር ከሚስቱ ኑሮ አልለየውም። እንግዲህ መበለቲቱን ባዶ እጇን የሚያስቀር ሥርዓት የጦቢትን ኑዛዜ ከፊሉን ብቻ ይፈጽማል።

ይሁዳ መቃቢ በጦርነት ለወደቁት ወታደሮቹ 2,000 ያህል የብር ድራህማ ሰብስቦ ወደ ኢየሩሳሌም የላከው ስለ ኃጢአታቸው መሥዋዕት እንዲቀርብ ነበር (2 መቃ. 12)። የቅዱስ አውጉስጢኖስ እናት ቅድስት ሞኒካም በ387 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በኦስትያ ከማረፏ በፊት ሥጋዋ የትም ቢቀበር እንደማያስጨንቃት፣ በጌታ መሠዊያ ፊት ግን እንዲያስቧት ለልጆቿ ነገረች። አውጉስጢኖስ ራሱ በኋላ ለኖላው ጳጳስ ለጳውሊኖስ በጻፈው መጽሐፍ፣ የቀብር ሥነ ሥርዓት ታላቅነት ከሙታን ይልቅ ሕያዋንን እንደሚያጽናና፣ ሙታንን የሚጠቅማቸው ግን መሥዋዕቱ፣ ጸሎቱና ምጽዋቱ እንደ ሆነ አስተማረ።

የቤተ ክርስቲያን ሕግም ይህንኑ መንገድ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና በቁጥር 878፣ በቀብር ሥርዓት ለሰው ፊት ማድላት እንዳይኖር ያዝዛል፤ ምእመናን በገዛ ፈቃዳቸው የሚያቀርቡት መባ ብቻ የሚወሰድበት ልማድ እንዲተከልም ጳጳሳትን አጥብቆ ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የላቲን ሥርዓት ቀኖና ደግሞ በቁጥር 1181 ድኾች ተገቢውን የቀብር ሥርዓት እንዳያጡ ያስጠነቅቃል። ስለዚህ ገንዘብ የለኝም ብሎ ካህን ከመጥራት የሚያፍር ምእመን ሊኖር አይገባም። ለቅዳሴ የሚሰጠው መባም ለጸሎቱ የሚከፈል ዋጋ አይደለም።

፪. ወጪው ከምን ከምን ይመጣል?

የሐዘን ቤት ወጪ በሦስት ክፍል ቢመደብ ለማስተዋል ይቀላል።

የመጀመሪያው ለቀብሩ የግድ የሚያስፈልገው ነው፤ ከፈን፣ ሣጥን፣ የመቃብር ቦታና ቁፋሮ፣ የአስከሬን ማጓጓዣ፣ እንደ ሁኔታውም ከሆስፒታል የሚወጣበት ክፍያ። ይህ ክፍል ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚቆይና መጠኑ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችል ነው። አብዛኛውን የሚሸፍነውም እድር ነው። አባላት በየወሩ ያዋጡት ጥቂት ገንዘብ በሞት ጊዜ ተሰብስቦ ይሰጣል፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱና ሳህኑ የጋራ ነው፤ ጉልበቱም የአባላቱ ነው።

ሁለተኛው አስተዛዛኝን ለመቀበል የሚወጣው ነው። ለቅሶ የሚደርስ ሰው መቀመጫና ውኃ ያስፈልገዋል፤ ንፍሮና ቡናም ልማዳችን ነው። ነገር ግን የጥንቱ ሥርዓት በሐዘንተኛው ላይ ሸክም የሚጭን እንዳልነበረ ልብ እንበል። ጎረቤት እዝን ይዞ የሚመጣው ሐዘንተኛው ምግብ እንዳያበስል ነው። ሐዘንተኛው ለመጋቢው ድግስ መደገስ ሲጀምር ሥርዓቱ ይገለበጣል።

ሦስተኛው ከቀብር በኋላ የሚመጣው ነው፤ የሠልስት፣ የ40 ቀንና የሙት ዓመት ዝክር፣ የመቃብር ሐውልት፣ የጉንጉን አበባ፣ ለሥነ ሥርዓቱ የሚሰፋ ልብስ፣ የቪዲዮ ቀረፃ። ቤተ ሰብን ለዕዳ የሚዳርገው ብዙ ጊዜ ይህ ክፍል ነው። ቤተ ክርስቲያን በእነዚህ ቀናት የምትጠይቀው ጸሎትንና መሥዋዕተ ቅዳሴን ነው። ድግስ የጸሎቱ ክፍል አይደለም፤ ያለ ድግስ የተደረገ ፍትሐትም ጎደሎ አይደለም። ያለው ሰው በዝክሩ ቀን ድኾችን ቢመግብ መልካም ምጽዋት ነው፤ ተበድሮ ባለጠጎችን መጋበዝ ግን ምጽዋት ሊባል አይችልም።

፫. ቤተ ሰብ በቅደም ተከተል የሚፈጽማቸው ተግባራት

ሀ. ሕመምተኛው በሕይወት ሳለ ካህን ይጠራ። ንስሐ፣ ቅዱስ ቁርባንና ምስጢረ ቀንዲል ለሕያው የሚሰጡ ናቸው። ይህን አዘግይቶ በቀብሩ ቀን ብዙ ካህናትን መሰብሰብ ያለፈውን አይመልስም።

ለ. ሞት በደረሰ ጊዜ በሆስፒታል ከሆነ የሞት ማስረጃው ይወሰድ። በአደጋ ወይም ባልታወቀ ምክንያት የደረሰ ሞት ከሆነ አስከሬኑ ከመነሣቱ በፊት ለፖሊስ ይነገር።

ሐ. ቤተ ሰቡ ለአንድ ሰው ኃላፊነት ይስጥ። ይህ ሰው በሐዘኑ ብዙ ያልተጎዳ፣ ገንዘብ አያያዝ የሚያውቅና «አይሆንም» ለማለት የማያፍር ይሁን። ብዙ ሰዎች በየፊናቸው ሲያዝዙ አንዱ ዕቃ ሁለት ጊዜ ይገዛል፤ ሒሳቡ ሲመጣም ያዘዘው አይገኝም።

መ. ለእድሩ ዳኛና ለቁምስናው ካህን በአንድ ጊዜ ይነገር። እድሩ ምን ያህል ገንዘብ፣ በየትኛው ቀን እንደሚሰጥ፣ ምን ዕቃ እንደሚያቀርብ ይጠየቅ። የቀብሩ ሰዓት የሚወሰነው ከካህኑ ጋር ከተነጋገሩ በኋላ ነው።

ሠ. ሣጥንም ሆነ መኪና ከመታዘዙ በፊት ዋጋው ይጠየቅ፤ ቢቻል ከሁለት ቦታ። ለዚህ ሥራ ሐዘንተኛው ራሱ አይሂድ። ያዘነ ሰው ሲከራከር ሟችን ያሳነሰ ስለሚመስለው የተጠየቀውን ሁሉ ይከፍላል።

ረ. አንድ ደብተር ይከፈት። በአንዱ ገጽ ከእድር፣ ከማኅበርና ከዘመድ የገባው፣ በሌላው የወጣው ይጻፍ። ደረሰኞችም ይቀመጡ። በወንድማማቾች መካከል ለዓመታት የሚዘልቅ ጠብ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዚህ ደብተር መታጣት ነው።

ሰ. ሞቱ ይመዝገብ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ደንግጓል። የሞት የምስክር ወረቀት ለውርስ፣ ለጡረታና ለባንክ ጉዳይ ስለሚያስፈልግ ቤተ ሰቡ በሐዘን ምክንያት አያዘግየው።

ልጁ ወይም እኅቱ በውጭ ሀገር የሞተበት ቤተ ሰብ ጭንቀቱ ይበረታል፤ አስከሬንን በአውሮፕላን ማምጣት ብዙ ወጪና ብዙ ወረቀት ይጠይቃልና። ቤተ ሰቡ መጀመሪያ አሠሪው ወይም ኢንሹራንስ ወጪውን ይሸፍን እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ ኤምባሲውንም ያነጋግር። በዚያው ሀገር በክርስቲያናዊ ሥርዓት መቀበርም ውርደት አይደለም። ሬሳ ማቃጠል በሚዘወተርባቸው ሀገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ፣ ቤተ ክርስቲያን መቅበርን አብልጣ እንደምትመርጥ ይወቁ። ማቃጠል የክርስትናን ትምህርት በመቃወም ካልተደረገ አትከለክለውም፤ አመዱ ግን በተቀደሰ ስፍራ እንዲያርፍ እንጂ እንዳይበተን እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው መመሪያ አስታውቃለች።

፬. የሀገራችን ሕግ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሟች ንብረት ዕዳ የሚከፈልበትን ቅደም ተከተል ሲዘረዝር የቀብርን ወጪ በመጀመሪያ ደረጃ ያስቀምጠዋል (ቁጥር 1014)። ስለዚህ ለቀብሩ ተገቢውን ወጪ ከኪሱ ያወጣ ሰው ከውርሱ ሊጠይቅ ይችላል። ነገር ግን ሕጉ ወዲያው በሚከተለው ቁጥር ሁለት ገደብ ያኖራል። ወጪው ከሟች የኑሮ ደረጃ ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት፤ ለተዝካር የሚወጣውም ከቀብር ወጪ ጋር አይቆጠርም።

ይህን ድንጋጌ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ቢያውቀው መልካም ነው። ተዝካር እንዲደገስ ያዘዘ ሰው ያዘዘው በራሱ ገንዘብ ነው፤ ከመበለቲቱና ከልጆቹ ድርሻ ላይ የማንሣት መብት የለውም ማለት ነውና። የእናቴ ላሞች በተሸጡ ጊዜ ይህን የሚነግራት ሰው አልነበረም፤ ሊነግራት ይገባው የነበረው የተማረ ልጇም ዝም አለ።

፭. በሕይወት ሳለን የምናዘጋጀው

ሟች ራሱ ከተናገረ ይሉኝታ ኃይል ያጣል። ዘመድ «ምን ይባላል?» ሲል፣ «እርሱ እንዲህ አዝዟል» የሚል መልስ ይገኛልና። ፍላጎቱን በጽሑፍ የሚያኖር ሰው ኑዛዜውን ሁሉ በእጁ ጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጦ፣ ቀኑን አመልክቶ ይፈርም። ሞቱ እንደ ቀረበ የተሰማው ሰው ደግሞ በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል መናዘዝ ይችላል፤ ሕጉ በቃል ኑዛዜ ከሚፈቅዳቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ስለ ቀብር ሥርዓት የሚሰጥ ትእዛዝ ነው (ቁጥር 893)።

በዚህ ኑዛዜ የት እንደሚቀበር፣ በ40ኛው ቀን ምን እንደሚደረግና ምን እንደማይደረግ፣ ማን ኃላፊ እንደሚሆን፣ ያለበት ዕዳና የሚጠይቀው ገንዘብ ይገለጥ። የእድር ደብተሩ የሚገኝበትንም ስፍራ ቤተ ሰቡ ይወቅ። መዋጮው የተቋረጠ እንደ ሆነ ዛሬውኑ ይከፈል።

ማጠቃለያ

ለሟች የምንከፍለው እውነተኛ ዕዳ አለ፤ ሥጋውን በክብር መቅበር፣ በመሠዊያው ፊት ማሰብ፣ የተበደረውን መመለስ፣ የተዋቸውን መንከባከብ። ይህን የፈጸመ ቤተ ሰብ ድሀ ቢሆንም አንዳች አላጎደለም።

እኔም አሁን በማገለግልበት ቁምስና የ40 ቀን ፍትሐት ለማስያዝ የሚመጣን ቤተ ሰብ ቀኑን ከመጻፌ በፊት አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ «የድግሱን ወጪ የሚሸፍነው ማን ነው?» አንዳንዱ ይቆጣል፤ «አባ፣ ይህ የእርስዎ ጉዳይ ነው?» ያለኝም አለ። ብዙዎች ግን ዝም ብለው ይቆያሉ፤ ከዚያም ከመካከላቸው አንዱ፣ ብዙ ጊዜም እናቲቱ፣ «ጸሎቱ ይበቃል» ይላሉ። ከአፋቸው የሚወጣው ይህ ቃል በልባቸው የቆየ መሆኑን ፊታቸው ይናገራል፤ የጠፋው የሚጠይቃቸው ሰው ነበር።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን የሐዘን ቤት ወጪ ከሦስቱ ክፍሎች በየትኛው ይበዛል?

2. እድራችን ወይም ማኅበራችን የዝክርን ድግስ ለመቀነስ ምን ዓይነት የጋራ ውሳኔ ሊያደርግ ይችላል?

3. ስለ ራሳችን ቀብር ለቤተ ሰባችን የነገርነው ነገር አለን? ከሌለ የሚከለክለን ምንድን ነው?