የኡራጓይ ጥቁሮችና ሦስቱ ከበሮዎች

ኡራጓይ ሲባል ለአብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ኳስ ነው። ልክ ነው፤ የ1930ንና የ1950ን የዓለም ዋንጫ የወሰደች አገር ናት። ነገር ግን በ1950 ማራካና ሜዳ ላይ ብራዚልን 2 ለ 1 የረታው ቡድን አምበል፣ ኦብዱሊዮ ቫሬላ፣ ከጥቁር ዘር የሚወለድ እንደነበረ ስንቶቻችን እናውቃለን? ታዲያ አፍሪካዊ እዚያ ድረስ እንዴት ደረሰ? (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መልሱ ያለው ወደቡ ላይ ነው። ዋና ከተማዋ ሞንቴቪዴዮ በላ ፕላታ ወንዝ አፍ ላይ ትገኛለች። በ1791 የስፔን መንግሥት ከተማዋን የአካባቢው የባሪያ ማስገቢያ ወደብ አደረጋት። በመርከብ ታጭቀው የመጡት ሰዎች በየቤቱ፣ በየወደቡና በየከብት እርባታው ያለ ደመወዝ ሠሩ።

ባርነት በሕግ የቀረው በ1842 ነው። ግን ልብ እንበል! አገሪቱ በርስ በርስ ጦርነት ላይ ስለነበረች የሞንቴቪዴዮ መንግሥት ነፃ ያወጣቸውን ወንዶች ወዲያው ወታደር አደረጋቸው። ተቃራኒው ወገንም በ1846 ባርነት ቀርቷል ብሎ አወጀ። ይህ ነፃነት ነው ወይስ ጌታ መለወጥ? እኛ በመኝታ ክፍላችን ተከራክረንበት እስካሁን አልተስማማንም።

ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ሱርና ፓሌርሞ በሚባሉ ሰፈሮች፣ አንድ ግቢ ከበው በተሠሩ የኪራይ ክፍሎች ተፋፍገው ኖሩ። ካንዶምቤ የሚባለው ጨዋታ ያደገው በነዚህ ግቢዎች ነው። ከበሮዎቹ በርሜል የሚመስሉ፣ ባንድ ጎናቸው ብቻ ቆዳ ያላቸው ናቸው፤ ከትከሻ ላይ ተንጠልጥለው ባንድ እጅና ባንድ ዱላ ይመታሉ። ትንሹ ቺኮ ነው፤ ድምፁ ቀጭን ሆኖ ያንኑ ምት ሳያዛንፍ ይደጋግማል። መካከለኛው ሬፒኬ እንደ ልቡ ይጫወታል፣ ሌሎቹን ይቆሰቁሳል። ትልቁ ፒያኖ ይባላል (ከምናውቀው ፒያኖ ጋር ግን አይገናኝም)፤ ወፍራሙን ድምፅ የሚሰጥ እሱ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ካንዶምቤ የለም። ሰልፍ ከመውጣታቸው በፊት ቆዳው እንዲወጠር መንገድ ዳር እሳት አንድደው ከበሮውን ያሞቁታል። ሰልፉም «ጥሪዎች» ይባላል፤ ያንዱ ሰፈር ከበሮ የሌላውን ይጠራል ማለት ነው።

ከግቢዎቹ ዝነኛው በኩዋሬይም መንገድ ያለው ሜዲዮ ሙንዶ፣ ማለትም «ግማሽ ዓለም» ነበር። በ1978 አገሪቱን የያዘው ወታደራዊ መንግሥት ግቢው እንዲፈርስ ወስኖ ነዋሪዎቹን አስወጣ። ዲሴምበር 3 ቀን ሰዎቹ እዚያው ግቢ ውስጥ የመጨረሻውን ጥሪ መቱ፤ ከዚያ ወደ ከተማው ዳር ተበተኑ። ቤቱ ፈረሰ፣ ምቱ ግን አልፈረሰም እኮ! የኩዋሬይም ምት ዛሬም በስሙ ይታወቃል። ዲሴምበር 3 በ2006 በወጣ ሕግ የካንዶምቤ ቀን ተባለ፤ በ2009 ደግሞ ዩኔስኮ ካንዶምቤን በማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበው።

ይሁንና ኡራጓይ ለብዙ ዘመን ራሷን የአውሮፓ ስደተኞች አገር ብቻ አድርጋ ስታስተምር ኖራለች። በ2011 በተደረገው ቆጠራ ግን ከ100 ሰው 8 ያህሉ የአፍሪካ ዘር አለኝ ብሏል። በ2013 የወጣው ሕግ ከመንግሥት ክፍት ሥራዎች 8 በመቶው ለነሱ እንዲያዝ ደነገገ። ታሪካቸውም በትምህርት ፕሮግራም ውስጥ እንዲገባ ያዘዘው ይኸው ሕግ ነው፤ ባርነት በሕግ ከቀረ ከ171 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።