የኮርስ ደንብና ያልተጻፉት ግዴታዎች፦ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የኮርስ መግለጫ ላይ የቀረበ ምልከታ

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ኮርስ ሲጀመር ለተማሪዎች የሚታደለው «ኮርስ አውትላይን» የተሰኘ ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ገጾች አይበልጥም። የኮርሱ መለያ ቁጥር፣ ዓላማው፣ ሳምንታዊ የይዘት ክፍፍሉ፣ የምዘናው ድርሻና ማጣቀሻ መጻሕፍቱ ከተዘረዘሩ በኋላ፣ በመጨረሻው ገጽ ግርጌ ደንቦቹ ይሰፍራሉ፦ በክፍል መገኘት ግዴታ ነው፤ ዘግይቶ መግባት ክልክል ነው፤ ስልክ ይጥፋ፤ አሳይመንት በጊዜው ይግባ፤ መኮረጅ ያስቀጣል። ይህ መጣጥፍ የሚመረምረው ያንኑ ግርጌ ነው። መከራከሪያውም ደንቦቹ በብርቱ የሚቆጣጠሩት የተማሪውን መገኘት ሲሆን፣ ተማሪው ኮርሱን እንዲያልፍ ወይም እንዲወድቅ የሚያደርገውን ሥራ ግን ሳይጠቅሱት ያልፋሉ የሚል ነው።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። በሞጁላር ሥርዓተ ትምህርት 5 ኢ.ሲ.ቲ.ኤስ. የተመደበለት ኮርስ፣ አንዱ ነጥብ በ27 ሰዓት ሲሰላ፣ ከተማሪው 135 የሥራ ሰዓት ይጠይቃል። ትምህርቱ በሳምንት 3 ሰዓት ለ16 ሳምንታት ቢሰጥ የክፍል ጊዜው 48 ሰዓት ይሆናል። ለእነዚህ 48 ሰዓታት ደንቡ ጥብቅ ነው። መስፈርቱ 80 በመቶ ከሆነ ተማሪው ሊቀር የሚችለው 9 ሰዓት ከግማሽ ያህል፣ ማለትም ሦስት የሦስት ሰዓት ክፍለ ጊዜ ነው፤ 85 በመቶ ከሆነ ግን ሁለት ብቻ። በወረቀት ላይ ኢምንት የሚመስለው የ5 በመቶ ልዩነት፣ በወባ ታሞ ለሰነበተ ወይም ለቤተሰብ ለቅሶ አገር ቤት ለወረደ ተማሪ ለፈተና በመቀመጥና ባለመቀመጥ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ቀሪዎቹ 87 ሰዓታት በቤተ መጻሕፍት፣ በዶርምና በቡድን ሥራ የሚያልፉ ናቸው። ስለ እነርሱ ደንቡ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። ለአንድ ክፍለ ጊዜ ስንት ገጽ አንብቦ መምጣት እንደሚገባ፣ ማንበብ ሲባልም መሸምደድ ይሁን ጥያቄ ይዞ መምጣት የሚናገር ዓረፍተ ነገር ማግኘት ያስቸግራል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያከራክረው «ንቁ ተሳትፎ ይጠበቃል» የሚለው ሐረግ ነው። አንዳንድ መምህራን ለዚህ 5 በመቶ ይመድባሉ፤ ተሳትፎው በምን እንደሚለካ ግን አይጻፍም። የተማሪው ዝምታ ብዙ ጊዜ በባህል ይተረጎማል፤ ታላቅን ማክበር፣ መምህር ፊት አለመናገር እየተባለ። ይህ ትርጓሜ በቀላሉ የሚያስኬድ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል፤ ስሕተቱ ይታረምለታል፤ ነገም ሌላ ቆጥሮ ይመለሳል። እዚያ አክብሮትና መናገር አልተጣሉም፤ ተማሪው ምን ይዞ እንደሚቀርብና ስሕተቱ ምን እንደሚያስከትልበት አስቀድሞ ያውቃልና። በዩኒቨርሲቲው ክፍል የጎደለው ይህ እርግጠኝነት ነው። መምህሩ «ጥያቄ አለ?» ሲሉ ጸጥ ይላል፤ ከክፍል ሲወጡ ግን ሦስት አራት ተማሪዎች በኮሪደሩ ይከተሏቸዋል፤ የሚጠይቋቸውም በአማርኛ ወይም በሌላ የጋራ ቋንቋ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። ሆኖም በሁለተኛ ደረጃ መምህሩ በአካባቢው ቋንቋ እያብራራለት የመጣ ተማሪ፣ ሐሳቡን በእንግሊዝኛ አቀናጅቶ በስልሳ ሰው ፊት እንዲናገር ሲጠበቅ፣ የሚመዘነው ኮርሱን መረዳቱ ነው ወይስ የተማረበት ትምህርት ቤት? የኮሪደሩ ጥያቄ ተሳትፎ ሆኖ ይቆጠር እንደሆነ የሚናገር ደንብ እምብዛም አይገኝም።

የስልኩ ክልከላ ብዙ ማብራሪያ አይሻም። የንባብ ጽሑፉ በክፍሉ ተወካይ በኩል በቴሌግራም ተልኮ፣ ኮፒ ለማስነሣት ገንዘብ ያጣ ተማሪ የሚያነበው ከዚያው ስልክ ሆኖ ሳለ «ስልክ ይጥፋ» ማለት፣ ሳይታወቅ «ጽሑፉ ይዘጋ» ማለት ይሆናል።

የኩረጃ ደንብ ግን ከበድ ያለ ነው፤ ቅጣቱ ዜሮ ወይም ከዚያ የከፋ ነውና። ሰነዱ የሌላን ሰው ጽሑፍ እንደራስ አድርጎ ማቅረብን ይከለክላል፤ ምንጭ እንዴት እንደሚጠቀስ ግን እንደታወቀ ይቆጥረዋል። ለተማሪው በንባብነት የሚሰጠው ሃንድአውት ራሱ ከየት እንደተወሰደ የማይገልጽባቸው ጊዜያት መኖራቸውም አይካድም። የቡድን አሳይመንት ችግሩን ያባብሰዋል። በአንድ ለአምስት አደረጃጀት ዘመን የተለመደው አብሮ መሥራት፣ አንዱ ጽፎ አምስቱ ስም ወደሚያስገቡበት ልማድ ሲወርድ፣ በሠሩትና ባልሠሩት መካከል ያለው ድንበር ይጠፋል። ለጓደኛ በመገኛ ወረቀት ላይ መፈረም በደንቡ ማታለል ነው፤ በዶርም ግን ወንድምነት ነው። ክልከላው ይህን ግጭት ሳያነሣ ቢቀር፣ ተማሪው ከሁለቱ አንዱን የሚመርጠው ብቻውን ይሆናል።

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የመምህራንንም የተማሪዎችንም መብትና ግዴታ ይደነግጋል፤ የኮርስ መግለጫው ግርጌ ግን በአብዛኛው የሚናገረው ለአንዱ ወገን ነው። ለዚህ ማካካሻ ክፍለ ጊዜ ጥሩ ማሳያ ነው። መምህሩ በሥራ ምክንያት የቀሩበት ትምህርት ለቅዳሜ ይዛወራል፤ ማስታወቂያው ዓርብ ማታ በቴሌግራም ይወጣል። ዳታ ያልሞላ ወይም ለጉዳይ ከግቢ የወጣ ተማሪ ቅዳሜ ጠዋት ቀሪ ተብሎ ይመዘገባል። ከሚፈቀዱለት ሦስት ቀሪዎች አንዱን ያጣው መምህሩ በቀሩበት ትምህርት ምክንያት ነው። «ከ48 ሰዓት በፊት ባልተነገረ ማካካሻ ክፍለ ጊዜ ቀሪ አይያዝም» የሚል አንድ መስመር ይህን ያስቀራል። «ለእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ገጽ ይነበባል፤ ተማሪው በፈለገው ቋንቋ የተጻፈ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ ጥያቄውም እንደ ተሳትፎ ይያዛል» የሚለውም እንዲሁ ሁለት መስመር አይሞላም፤ ከ87ቱ ሰዓታት ጥቂቶቹን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ያሰፍራል።