ለጌምና ለቪዲዮ ሥራ የሚሆን ኮምፒዩተር አመራረጥ

የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ለመግዛት ወደ ሱቅ የሚገባ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ኮር አይ ሰቨን ነው ወይ?» የሚል ነው። ሻጩም «አዎን፣ ነው» ይለዋል፤ አልዋሸምም። ነገር ግን ይህ ስም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአሥር ትውልድ በላይ ለሆኑ ፕሮሰሰሮች ሲሰጥ የኖረ ስለ ሆነ ብቻውን ምንም አይናገርም። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ኮር አይ 7-2600 አራት ኮርና ስምንት ትሬድ አለው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ኮር አይ 3-12100ም እንዲሁ አራት ኮርና ስምንት ትሬድ አለው። በስም ታናሽ የሆነው ይህ ሁለተኛው ግን በሥራ ታላቁን በብዙ ይቀድመዋል። በዚያም ላይ ዊንዶውስ 11 የፊተኛውን አይቀበለውም፤ ማይክሮሶፍት ደግሞ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አቁሟል።

ይህን የማነሣው ነገሩ የዋዛ ስላልሆነ ነው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ የአንድ ዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ የኮምፒዩተር ዕቃ ደግሞ ሁሉም ከውጭ አገር የሚመጣ ነው። ከመካከላችን ሠርግና ምረቃ እየቀረጸ ራሱን የሚያስተምር አለ። ያ ተማሪ ያጠራቀመውን ገንዘብ በማይሆን ዕቃ ላይ ቢያፈስ የሚያጣው መጫወቻ ሳይሆን እንጀራውን ነው።

እንግዲህ አስቀድመን የሥራውን አካሄድ እንመልከት። በጌም ጊዜ ፕሮሰሰሩ ኳሱ ወዴት እንደ ሄደ፣ ተጫዋቹ የት እንደ ቆመ አስልቶ ለግራፊክስ ካርዱ «ይህን ሣል» ብሎ ያቀርብለታል፤ ካርዱም ሥዕሉን ነጥብ በነጥብ ይሥላል። ነገሩ የድግስ ቤት ጋገራን ይመስላል፤ ሊጥ የምታቀርበውና ምጣድ ላይ የተቀመጠችው እኩል ካልሄዱ አንደኛይቱ ሥራ ፈታ ሌላይቱን ትጠብቃለች። ምጣዱ አንድ ሆኖ ሳለ ሊጥ አቅራቢ ቢጨመር እንጀራው አይበዛም። በሴኮንድ 60 ሥዕል ለማየት የሚፈልግ ሰው ለእያንዳንዱ ሥዕል ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሴኮንድ ብቻ ነው፤ 144 ካለ ደግሞ ወደ 6.9 ይወርዳል። ሁለቱም ሥራቸውን በዚህ ጊዜ ውስጥ ማድረስ አለባቸው።

የሥዕሉ ስፋት ሲጨምር ጭነቱ ይበልጡን የሚወድቀው በካርዱ ላይ ነው። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን 2,073,600 ነጥቦች ሲኖሩት፣ ፎር ኬ የሚባለው 3840 በ2160 ግን 8,294,400 አለው፤ ልክ አራት እጥፍ ማለት ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያዘገይ ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። የለመዳችሁትን ጌም በጓደኛ ኮምፒዩተር ላይ ክፈቱ፤ ቪሲንክና ሌላም የፍጥነት ገደብ ካለ አጥፉና ሬዞሉሽኑን ዝቅ አድርጉ። በሴኮንድ የሚታየው ሥዕል ከበዛ ያዘገይ የነበረው ካርዱ ነው፤ ካልበዛ ፕሮሰሰሩ ነው። ይህን ፈተና ሳያደርግ «ካርድ ልቀይር» የሚል ሰው ሐኪም ሳያየው መድኃኒት እንደሚገዛ ነው።

ፕሮሰሰርንም ቢሆን በአንድ ቁጥር መመዘን አይቻልም። ኤኤምዲ በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ እንደ ቀዳሚው 5800ኤክስ ስምንት ኮር ነው፤ ከፍተኛ ፍጥነቱ እንዲያውም ከ4.7 ወደ 4.5 ጊጋኸርዝ ወርዷል። ነገር ግን በውስጡ ያለው ኤል3 የሚባለው ካሽ ከ32 ወደ 96 ሜጋባይት ስላደገ በብዙ ጌሞች ቀዳሚውን አለፈው፤ በብሌንደር ሬንደር ሲደረግ ግን ትንሽ ወደ ኋላ ቀረ። አንዱ ዕቃ ለአንዱ ሥራ የተሻለ፣ ለሌላው የባሰ ሆነ ማለት ነው።

በካርድ በኩል ደግሞ ትልቁ ክርክር የራሱ የካርዱ ሜሞሪ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው አርቲኤክስ 3060 12 ጊጋባይት ሲይዝ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው 4060 የያዘው 8 ነው። አዲሱ በአብዛኛው ጌም ይፈጥናል፤ የሚፈጀውም ኤሌክትሪክ ከ170 ዋት ወደ 115 ዝቅ ያለ ነው። ይሁን እንጂ ሥራው ከ8 ጊጋባይት ካለፈ ትርፉ ወደ ኮምፒዩተሩ ራም መመላለስ ይጀምርና ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ለኳስና ለተኩስ ጌም ብቻ ለሚፈልግ 4060ውን፣ ብሌንደርና ከባድ የፎር ኬ ኤፌክት ለሚሠራ 3060ውን እመርጣለሁ። ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ በዚያው በ3060 ስም የሚሸጥ ባለ 8 ጊጋባይትም አለ፤ እርሱ የሜሞሪው መንገድ ጭምር የጠበበ ነው።

ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ፣ በሱቅ ብዙም የማይነሣ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ካሜራው ፋይሉን በምን ዓይነት አሠራር ነው የሚጽፈው የሚለው ነው። እንደ ሶኒ ኤ7 ፎር ያሉ ካሜራዎች ባለ 10 ቢት፣ 4፡2፡2 ቀለም ያለው ኤች265 መቅረጽ ይችላሉ። ይህን ፋይል ለመፍታት የተለየ ክፍል ያስፈልጋል። የጂፎርስ ካርዶች 4፡2፡2ን መፍታት የጀመሩት በ2025 እ.ኤ.አ. በወጣው በ50 ተከታታይ ነው፤ ኢንቴል ግን ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ግራፊክስ ይፈታዋል። እንግዲህ ውድ 3060 ካርድ ያለው ኮምፒዩተር እየተደናቀፈ፣ ካርድ የሌለው የ12ኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ያንኑ ፋይል በሰላም ሊያጫውት ይችላል። በኢንቴል ቁጥር መጨረሻ ላይ «ኤፍ» የሚል ፊደል ካለ ያ ውስጣዊ ግራፊክስ የለም ማለት ነው፤ ለጌም ተጫዋች ጥሩ ቁጠባ ነው፤ ለቪዲዮ ሠራተኛ ግን ኪሳራ ነው። አዲስ ዕቃ ለመግዛት አቅም የሌለው ደግሞ ፕሮክሲ የሚባለውን ቀለል ያለ ቅጂ ሠርቶ በእርሱ ላይ ማቀናበር፣ በመጨረሻ በዋናው ፋይል ማውጣት ይችላል። ይህ ጊዜ እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም።

ስለ ራም ብዙ የሚባል የለም። ለጌም 16፣ ለፎር ኬ ቪዲዮ 32 ጊጋባይት ይበቃል፤ ከአንድ ትልቅ ቁራጭ ይልቅ ሁለት እኩል ቁራጮች ይሻላሉ። ስለ ማከማቻ ግን ሒሳቡን ሠርታችሁ ግቡ። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚጽፍ ካሜራ በአንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል፤ የአንድ ሠርግ ቀን በሁለት ካሜራ ስንት እንደሚሆን ደምሩት። ስለዚህ ለሥራው ኤስኤስዲ፣ ለማኖሪያው ደግሞ ርካሽ ሃርድ ዲስክ መያዝ ይገባል። የሚብለጨለጨው ቀለማማ መብራት ለገና ዛፍ ያምራል፤ ለፍጥነት ግን አንዳች አይጨምርም።

ተማሪዎች ገንዘብ ሲያጥራቸው ቀድመው የሚቀንሱበት ዕቃ ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ እኔ ግን በመጨረሻ እንኳ አልቀንስበትም። ካርዱም፣ ፕሮሰሰሩም፣ የሠርጉ ፋይል ያለበት ዲስክም የሚመገቡት ከእርሱ ነው። 80 ፕላስ የሚለው ምልክት የሚመሰክረው ኤሌክትሪክ ምን ያህል ሳይባክን እንደሚያልፍ ነው እንጂ ዕቃው ከአደጋ ይጠብቃል ማለት አይደለም። ከጎኑ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ አንብቡ፤ በ12 ቮልት ሥር 40 አምፔር ካለ ለካርዱና ለፕሮሰሰሩ የሚደርሰው 480 ዋት ነው። በትልቅ ፊደል 650 ተብሎ ከታች 25 አምፔር ከተጻፈ ግን በዚህ መስመር የሚገኘው 300 ብቻ ነው። ዩፒኤስ ስትገዙም ቪኤ የሚለው ቁጥር ዋት አለመሆኑን አስቡ፤ ዋቱ ከቪኤው ያነሰ ሆኖ ለብቻው ይጻፋል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣውን መዋዠቅ ተራ ዲቫይደር አይከለክለውም።

የአዲስ አበባ ከፍታም የራሱ ነገር አለው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለ ሆነች የአየሩ ክብደት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ሲዞር የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። የአየሩ ቅዝቃዜ ጥቂት ይክሰናል። ድሬዳዋ ያለው ተማሪ የተሻለ ክብደት ያለው አየር ቢያገኝም ሙቀቱ ያስቸግረዋል። በሁለቱም ከተማ ፊቱ በመስታወት የተዘጋ ሣጥን አይገዛም፤ አየር የሚያስገባና አቧራ የሚያጣራ ወንፊት ያለው ይፈለጋል።

በመጨረሻ ያገለገለ ካርድ የምትገዙ ከሆነ፣ ኢቴሪየም በሴፕቴምበር 2022 እ.ኤ.አ. በካርድ መቆፈርን ካቆመ ወዲህ ቀንና ሌሊት ሲሠሩ የኖሩ ብዙ ካርዶች ወደ ገበያ ወጥተዋል፤ አሮጌ ካርድ በአዲስ ስም የሚቀይሩም አሉ። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና ስሙንና ሜሞሪውን አመሳክሩ። ከዚያም ከባድ ጌም ወይም ሬንደር አስከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጡ፤ ሙቀቱን ተመልከቱ፤ የማራገቢያውን ድምፅ አድምጡ። ሻጩ ይህን ያህል አልጠብቅም ካለ ቀጥሎ ወዳለው ሱቅ እለፉ።