ባለሙያን ማክበርና ሥራን መጠበቅ፦ የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር እንደ ማሳያ

ለሴቶች ፍትሕና ደኅንነት የደከሙ ባለሙያዎችን በሽልማት ማክበር የተለመደ ሆኗል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄ፣ እንዲህ ያለው ክብር ከሰውየው ወይም ከሴትዮዋ አልፎ ሥራቸውን ይጠብቃል ወይ? የሚል ነው። ለማሳያነት የተመረጠው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው።

ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1995 ተቋቁሞ አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ምክርና ጥብቅና ይሰጥ ጀመር። በስፋት የሚታወቀው ጉዳዩ ጠላፊዋን በመግደል የተከሰሰችው የ14 ዓመት ልጅ ክስ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ራሷን መከላከሏን ተቀብሎ በነፃ አሰናብቷታል። ያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ተጠላፊዋ በፈቃዷ ካገባችው ጠላፊው እንዳይከሰስ ይፈቅድ ነበር። «ፈቃዱ» ግን በሽማግሌና በቤተሰብ ግፊት ሊገኝ የሚችል ነበር። ማኅበሩና ሌሎች ተሟጋቾች ሲወተውቱለት የቆየው ማሻሻያ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ጸደቀ፤ በአንቀጽ 587 መሠረት ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፣ ጋብቻም ከተጠያቂነት አያድንም።

የማኅበሩ መሥራች ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ2003 ዓለም አቀፍ ሽልማት ከተቀበሉት አንዷ ነበሩ። ይሁን እንጂ አዋጅ ቁጥር 621/2001፣ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶችን በሴቶች መብትና በፍትሕ ጉዳይ እንዳይሠሩ ከለከለ። በውጭ ድጋፍ ላይ ይተማመን የነበረው ማኅበርም አገልግሎቱን ለማጥበብ ተገደደ። ክልከላው የተነሣው በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። መሥራቿ ተከብረው ሳለ፣ የተከበሩበት ሥራ መዳከሙ ልብ ሊባል ይገባል።

ሽልማት የሕግ ከለላ እንዲሆን አይጠበቅም፤ ለበጎ ሥራ እማኝነት መስጠቱም አይናቅም። ነገር ግን ክብር ዘላቂ ፋይዳ እንዲኖረው ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ ምስጋናው ከስም ባሻገር የአሠራሩን ዘዴ መዝግቦ ለተተኪ ማስተላለፍ አለበት። ሁለተኛ፣ መርማሪ ፖሊሷን፣ ዐቃቤ ሕጉንና የሕክምና ማስረጃ የምታዘጋጀውን ሐኪም ማካተት አለበት፤ ከእነርሱ አንዱ ከጎደለ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላልና። ሦስተኛ፣ ከአገር ውስጥ ከሚገኝ የማያቋርጥ በጀት ጋር መያያዝ አለበት። ባለሙያዋ የምትከበረው፣ ነገ የምትመጣው ተበዳይም በሩን ክፍት ስታገኘው ነው።