ማታ ምላጩን አላላው

ልጄ፣ በሞጣና በብቸና የእንጨት ሥራ ቤት የከፈታችሁ ወጣቶች አዘውትራችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፦ ባንድ ሶው ሲቆም ምላጩ ይላላ ወይስ እንደተወጠረ ይደር? ይላላ። ምክንያቱን ሳታውቅ ብታላላው ግን ከጥቅሙ ጉዳቱ ይብሳልና ተከታተለኝ።

1. ምላጩን የምታላላው ለምላጩ ብለህ አይደለም። «ተወጥሮ ሲያድር ይደክማል» ሲባል ሰምተህ ይሆናል። ምላጭን የሚጨርሰው መታጠፍ ነው። በሁለቱ መዘውሮች ላይ በዞረ ቁጥር ይጎብጣል፣ ይቃናል፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይህ በመቶ የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። ስንጥቁም ከጥርሱ ሥር ወይም ከብየዳው ይጀምራል። እንግሊዛዊው ዊልያም ኒውበሪ ማሽኑን እ.ኤ.አ. በ1808 ቢያስመዘግብም ለረጅም ዘመን ያልተስፋፋው፣ ይህን መታጠፍ የሚችል ብየዳ ስላልነበረ ነው። ፈረንሳዊቷ አን ፖሊን ክሬፐን የተሻለ የብየዳ ዘዴ ያስመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ1846 ነበር። ውጥረቱስ? ከሞጣ ወደ ዓባይ ስትወርድ፣ በአፄ ፋሲል ዘመን ከተሠራው ሰባራ ድልድይ አካባቢ ያለውን ተንጠልጣይ ድልድይ ተመልከት። የብረት ገመዱ ቀንም ሌሊትም እንደተወጠረ ነው፤ የሚያላላው የለም። በመዘውር ላይ አይዞርማ! ስለዚህ ውጥረትን ለብቻው አትፍራው።

2. የሚጎዳው ሌላው አካል ነው። በመዘውሩ ላይ የለበሰው ጎማ ለቀናት በአንድ ቦታ ሲጨፈለቅ ይሰረጉዳል፤ ጠዋት ስታስነሳው ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፣ የቆረጥከውም ጣውላ ፊቱ ይሻክራል። ምላጩን የሚወጥረው ሞላም ደካማ ከሆነ ያለማቋረጥ ተጨፍልቆ ሲኖር ጉልበቱን ያጣል። ኩሽኔታውም ቆሞ ሳለ በከንቱ ሸክም ይሸከማል።

3. ሙቀቱን አትርሳ፤ ይህን ብዙ ባለሙያ ይዘለዋል። ቀኑን ሙሉ ዋንዛ ስትሰነጥቅ ምላጩ ይግላል፣ ይለጠጣል። ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ ምላጭ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ላላ ብሎ ታየህና እንደጋለ አጥብቀኸው ከሄድህ፣ ሌሊት ሲበርድ ተሰብስቦ መዘውሮቹን ይስባል። ደንዝዞ እንጨቱን የሚገፋ ምላጭ ደግሞ የባሰ ይግላል። ስለዚህ ሥራ ስትጨርስ ወዲያው አላላው።

4. ለምሳ ስትወጣ አትንካው። ለማደሪያ ግን አላላው፤ ለበዓል ደግሞ በግድ። በእኛ አገር ሰንበት አለ፣ የወር በዓላት አሉ፣ ለቅሶ አለ፣ መብራት የሚጠፋበትም ቀን አለ። ያለማቋረጥ ለሚሠራ ትልቅ ፋብሪካ የተጻፈ ምክር ማሽኑ ደጋግሞ ለሚቆምበት ቤት አይሆንም።

5. አሁን ዋናውን ልንገርህ። ምላጭ ከማላላት የሚመጣው አደጋ መርሳት ነው። ጠዋት ተለማማጁ ቀድሞህ ይገባል፣ ማብሪያውን ይጫናል፣ የላላው ምላጭ ከመዘውሩ ይወጣል። ጥርሱ ጎማውን ይቀዳል፣ ምላጩ ይጣመማል፣ እጅም ሊቆርጥ ይችላል። ይህን ለመከላከል «ምላጩ ላልቷል» ብለህ በካርቶን ላይ በትልቁ ጻፍና ማብሪያው ላይ ስቀለው፤ ካርቶኑን ሳያነሣ ማብሪያውን ማግኘት የሚችል ሰው አይኑር። ብሬከሩንም አጥፋ፤ መብራት ሄዶ ድንገት ሲመጣ ማሽን ሊነሣ ይችላልና። የሚያላላውና የሚያጠብቀው አንድ ሰው ቢሆን ደግሞ እሰየው።

6. ጨርሰህ አትልቀቀው። ምላጩ በመዘውሩ ላይ እንዲቆይ ትንሽ ውጥረት ተውለት። የመወጠሪያውን እጀታ ስንት ዙር እንደመለስህ እዚያው ካርቶን ላይ ጻፍ፤ ጠዋት ያንኑ ያህል ታጠብቃለህ። ከዚያ ብሬከሩ እንደጠፋ፣ ከጥርሱ እየተጠነቀቅህ መዘውሩን በእጅህ አዙርና ምላጩ በቦታው መሄዱን እይ።

7. ሰጋቱራውን ከጎማው ላይ ጥረግ። የተጣበቀ ሰጋቱራ ምላጩን ከመስመር ያስወጣዋል፤ አንተም ውጥረት ያነሰ መስሎህ ታጠብቃለህ።

8. ያገለገለ ማሽን ከባሕር ዳርም ሆነ ከአዲስ አበባ ስትገዛ ቀለሙን አትይ። መጀመሪያ ምላጩን አስወጣና በላይኛው መዘውር ጎማ ዙሪያ ጣትህን አስኪድ፤ ጉድጓድ ካገኘህ ለብዙ ጊዜ ተወጥሮ ቆሟል ማለት ነው። ሞላውንም አስፈትተህ እይ። ሻጩ ማስፈታቱን እምቢ ካለህ ገንዘብህን ይዘህ ተመለስ።