ቻርጅ የሚደረግ የመስሚያ መሣሪያ፦ ክፍሎቹን እንወቅ፣ ዕድሜውን እናርዝም



የመስሚያ መሣሪያ ያገኘ ሰው ሁሉ ይሰማበታል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ መሣሪያው በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ተበላሽቷል» የሚል መልስ ይሰጣል። ተከፍቶ ሲታይ ግን ቀዳዳው በጆሮ ኩክ ተደፍኗል፣ ወይም ባትሪው አልተሞላም፣ ወይም የግራው በቀኝ ጆሮ ገብቷል። ይህ ሁሉ በቤት ውስጥ ሊስተካከል የሚችል ነው። እኛ የምንኖረው ደግሞ ምትክ በቀላሉ በማይገኝበት ቦታ ነው። ከጎሮም ተነስቶ ጁባ ለመድረስ የመኪና ኪራይ ያስፈልጋል፤ ጁባ ተደርሶም መለዋወጫው ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ያለውን መሣሪያ ማወቅና መጠበቅ ግዴታችን ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች በተለያየ ደረጃ የመስማት ችግር እንዳለባቸው ገልጿል። ከእነዚህ ውስጥ 430 ሚሊዮን ያህሉ የሕክምና ወይም የመሣሪያ እርዳታ ያስፈልጋቸዋል። የመስሚያ መሣሪያ ሊጠቅማቸው ከሚችሉት መካከል ግን የሚጠቀሙት 17 በመቶ ብቻ ናቸው። መሣሪያው በእጁ ያለ ሰው ዕድለኛ ነው ማለት ነው።

ከዚህ ትምህርት በኋላ የሚከተሉትን ማወቅ ይጠበቅባችኋል፦
ሀ. የመሣሪያውን ዋና ዋና ክፍሎችና የእያንዳንዱን ሥራ፣
ለ. ባትሪውን በትክክል መሙላትን፣
ሐ. ድምፅ ሲጠፋ ደረጃ በደረጃ መመርመርን፣
መ. ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስኬዱ ምልክቶችን።

1. ጆሮ እንዴት ይሰማል?

ድምፅ በጆሮ ቀዳዳ ገብቶ የጆሮ ታምቡርን ያንቀጠቅጣል። ከታምቡሩ ጀርባ ያሉ ሦስት ትናንሽ አጥንቶች ንቅናቄውን ተቀብለው ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያሻግራሉ። በዚያ የቀንድ አውጣ ቅርጽ ያለው ክፍል አለ። በውስጡ ያሉት ረቂቅ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ንቅናቄውን ወደ ነርቭ መልእክት ይለውጡታል፤ መልእክቱም ወደ አንጎል ይሄዳል።

እነዚህ ሕዋሳት በእርጅና፣ በኃይለኛ ድምፅ /ለምሳሌ በፍንዳታና በጥይት/፣ በማጅራት ገትር፣ ወይም እንደ ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን ባሉ መድኃኒቶች ሊጎዱ ይችላሉ። አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። የመስሚያ መሣሪያም አይመልሳቸውም። ሥራው በቀሩት ሕዋሳት መሰማት እንዲቻል ድምፁን ማጉላትና ማስተካከል ነው።

ችግሩ ብዙውን ጊዜ በቀጭን ድምፆች ይጀምራል። እንደ ሰ፣ ፈ፣ ሸ ያሉት ፊደላት በመጀመሪያ ይጠፋሉ። ስለዚህ ሰውየው «ሳል» ሲባል «ቃል» ሊመስለው ይችላል። «ትሰማኛለህ?» ሲሉት «አዎን» ይላል፤ የተናገሩትን ግን አልለየውም። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ «ሲፈልግ ይሰማል፣ ሳይፈልግ አይሰማም» እያለ ያዝንበታል።

2. የመሣሪያው ክፍሎች

ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጠውን ዓይነት ይዛችሁ እየተመለከታችሁ አንብቡ።

ማይክሮፎን። በአካሉ ላይ የሚታዩት አንድ ወይም ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ናቸው። የውጭውን ድምፅ ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። ሁለት ማይክሮፎን ያለው መሣሪያ ከፊት የሚመጣውን ንግግር ከጀርባ ከሚመጣው ጫጫታ ለመለየት ይረዳል። ጠላቶቹ አቧራ፣ ላብና የፀጉር ቅባት ናቸው።

የድምፅ ማቀነባበሪያ /ቺፕ/። የመሣሪያው አንጎል ነው፤ ከውጭ አይታይም። ድምፁን ከወፍራም እስከ ቀጭን ከፋፍሎ ሰውየው የማይሰማውን ክፍል አብልጦ ያጎላል። ዝቅተኛውን ድምፅ ከፍ፣ ኃይለኛውን ደግሞ ገታ ያደርጋል። ይህ የሚስተካከለው በባለቤቱ የጆሮ ምርመራ ውጤት መሠረት ነው። ስለዚህ የአንዱን ሰው መሣሪያ ለሌላው ማዋስ የሌላን ሰው መነጽር እንደማድረግ ነው፤ አልፎም የተረፈውን መስማት ሊጎዳ ይችላል። ዘመድ ከውጭ የሚልከው ወይም ከገበያ የሚገዛው ርካሽ ድምፅ ማጉያ ሁሉንም ድምፅ እኩል የሚያጎላ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ሳያየው አትጠቀሙበት።

ድምፅ ማውጫ /ስፒከር/። የተስተካከለውን ኤሌክትሪክ መልሶ ድምፅ ያደርገዋል። በአንዳንዱ መሣሪያ ከጆሮ ጀርባ ባለው አካል ውስጥ ይገኛል፤ ድምፁም በላስቲክ ቱቦ ወደ ጆሮ ይሄዳል። በሌላው ደግሞ በቀጭን ሽቦ ጫፍ ላይ ሆኖ ራሱ ወደ ጆሮ ቀዳዳ ይገባል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለዩ፤ አጽዳዱ የተለያየ ነው።

የጆሮ ማስገቢያ። በጆሮ ልክ የተሠራ ጠንከር ያለ ቅርጽ /ሞልድ/ ወይም ለስላሳ የጎማ ቆብ ነው። በደንብ ካልተገጠመ ድምፅ ሾልኮ ወጥቶ ወደ ማይክሮፎኑ ይመለስና ያፏጫል። ልጆች ሲያድጉ ጆሯቸውም ስለሚያድግ ሞልዱ በየጊዜው መለወጥ አለበት።

የኩክ መከላከያ። በስፒከሩ አፍ ላይ ያለች ነጭ ወንፊት መሰል ቁራጭ ናት። ኩክ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ታግዳለች። እርሷ ስትደፈን መሣሪያው የሞተ ይመስላል። ትለወጣለች እንጂ በመርፌ አትወጋም።

ቁልፍና መብራት። ቁልፉ ለማብራት፣ ለማጥፋትና ድምፅ ለመጨመር ያገለግላል። የመብራቱ ቀለም ትርጉም ከአምራች አምራች ስለሚለያይ መሣሪያውን ስትረከቡ ጠይቃችሁ በወረቀት ላይ ጻፉት።

የቀኝና የግራ ምልክት። ቀይ ለቀኝ፣ ሰማያዊ ለግራ ነው። ለማስታወስ ቀላል ነው፦ ቀይና ቀኝ ሁለቱም በ«ቀ» ይጀምራሉ።

3. ባትሪውና ቻርጀሩ

የቀድሞዎቹ መሣሪያዎች በየጥቂት ቀናቱ የሚጣል ክብ ባትሪ ነበራቸው፤ ዛሬም ብዙዎቹ በዚሁ ይሠራሉ። ባትሪው ካለቀና ምትክ ከሌለ መሣሪያው ከጠጠር አይሻልም። ይህን ችግር ለማቃለል እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በቦትስዋና፣ ኦትሴ በምትባል መንደር፣ መስማት የተሳናቸው ሠራተኞች በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የባትሪ መሙያ ማምረት ጀምረው ነበር። ሥራው ሶላር ኢር በሚል ስም ወደ ብራዚልም ተሻግሯል።

ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ እንደ ሞባይል ስልክ ሊትየም አየን ባትሪ በውስጡ የታሸገለት መሣሪያ ተስፋፍቷል። ባትሪው በተጠቃሚው አይከፈትም፣ አይለወጥም። ሙሉ በሙሉ ለመሙላት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይፈልጋል፤ ከተሞላ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ያገለግላል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። ቀን ሳይመሽ መዝጋት ከጀመረ በባለሙያ ይታይ።

በመጠለያችን ዋናው ጥያቄ «መቼ እንሙላው?» የሚለው ነው። ሶላር የሚሠራው ቀን ነው፤ መሣሪያው የሚያስፈልገውም ቀን ነው። ቀን ቻርጅ ላይ ከዋለ ልጁ ትምህርት ቤት ሳይሰማ ይውላል፤ እናቲቱም የራሽን ወረፋ ላይ ስሟ ሲጠራ ታልፋለች። መፍትሔው ቀን ፓወር ባንክ በሶላር መሙላት፣ ማታ ደግሞ በመኝታ ሰዓት መሣሪያውን ከፓወር ባንኩ መሙላት ነው። ብዙዎቹ ቻርጀሮች በስልክ ዓይነት ዩኤስቢ ገመድ፣ በ5 ቮልት ይሠራሉ፤ የሚወስዱትም ኃይል ከስልክ ያነሰ ነው። በቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ቮልት ሳታነቡ ግን ከሶላር ባትሪ ጋር በቀጥታ አታገናኙ።

ስትሞሉ የሚከተለውን አስተውሉ፦
– መሣሪያውንና ከቻርጀሩ ጋር የሚነካካበትን ቦታ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ላብ ያለበት አይሞላም።
– ከጉድጓዱ በትክክል መቀመጡንና መብራቱ መብራቱን አረጋግጡ። ብዙ ሰው ማታ አስቀምጦ ጠዋት ባዶ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።
– ፍራሽና ብርድ ልብስ ላይ ሳይሆን ጠንካራና ደረቅ ነገር ላይ አስቀምጡ።
– ካበጠ፣ ከመጠን በላይ ከጋለ ወይም ካሸተተ ወዲያውኑ ንቀሉት፤ መልሳችሁ አትሰኩት።
– ለረጅም ጊዜ የማትጠቀሙበት ከሆነ በግማሽ ሞልታችሁ፣ በቁልፉ አጥፍታችሁ አስቀምጡ። ብዙዎቹ ከቻርጀሩ ሲወጡ በራሳቸው ስለሚበሩ ሳይታወቅ ባትሪው ያልቃል።

4. ሙቀት፣ ዝናብና አቧራ

እ.ኤ.አ. በማርች 2024 እና በፌብሩዋሪ 2025 የደቡብ ሱዳን መንግሥት በሙቀቱ ምክንያት ትምህርት ቤቶችን ለጊዜው መዝጋቱ ይታወሳል። ለሰው የከበደ ሙቀት ለባትሪም ይከብዳል። አምራቾች በአብዛኛው ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ቻርጅ እንዳይደረግ ያሳስባሉ። ስለዚህ በቀትር በቆርቆሮ ወይም በላስቲክ ቤት ውስጥ አትሙሉ፤ ከሶላሩ ሰሌዳ አጠገብ ፀሐይ ላይም አትተዉት።

በዝናብ ወራት ጠላቱ እርጥበት ነው። ማታ ከጆሮ ሲወጣ በጨርቅ ይጠረግ። ቻርጅ ላይ በማይሆንበት ጊዜ ክዳኑ በሚገጥም ደረቅ ዕቃ ውስጥ፣ በጫማ ካርቶንና በመድኃኒት ብልቃጥ ከሚመጣው እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር ይቀመጥ። ከረጢቱ አይበላም፤ ከሕፃናት ይራቅ። ሲታጠቡ፣ ውኃ ሲቀዱ ዝናብ ከመጣ፣ ፀጉር ሲቀቡ አውልቁት። ከረጠበ እሳት ዳር አይደረቅም፤ አጥፍታችሁ ጠርጋችሁ በጥላ አናፍሱት፣ ሳይደርቅም ቻርጅ አታድርጉት።

ባለ ላስቲክ ቱቦ ከሆነ ሞልዱንና ቱቦውን ከአካሉ ነቅሎ በለብ ያለ ውኃና ሳሙና ማጠብ፣ እስኪደርቅ አሳድሮ መግጠም ይቻላል። ስፒከሩ በሽቦ ጫፍ ላይ ያለው ዓይነት ግን ውኃ ጨርሶ አይነካውም፤ በደረቅ ጨርቅና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ይጸዳል።

5. ድምፅ ሲጠፋ ደረጃ በደረጃ

1ኛ. በርቷል? ቁልፉን ተጭናችሁ መብራቱን ተመልከቱ።
2ኛ. ተሞልቷል? ለግማሽ ሰዓት ቻርጅ አድርጋችሁ ሞክሩ።
3ኛ. የኩክ መከላከያው ወይም የሞልዱ ቀዳዳ ተደፍኗል? አጽዱ ወይም ለውጡ።
4ኛ. ቱቦው ውስጥ የውኃ ጠብታ አለ? ተሰንጥቋል ወይስ ታጥፏል?
5ኛ. በርቶ ሳለ በተጨበጠ እጅ ውስጥ ያዙት። ብዙውን ጊዜ ካፏጨ ይሠራል ማለት ነው።
6ኛ. መሣሪያው እየሠራ ሰውየው ካልሰማ ችግሩ ጆሮው ላይ ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ጣቢያ ይምጣ።

ጆሮ ውስጥ ሆኖ ካፏጨ አውጥታችሁ በትክክል መልሱት። ካልተወ ጆሮው በኩክ መሞላቱ ወይም ሞልዱ መላላቱ ይታይ። ኩክን በክብሪት እንጨትም ሆነ በፀጉር ሽቦ ማውጣት ክልክል ነው፤ ታምቡር ይቀዳል።

6. የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት ስትዞሩ እንዲህ ያለ ንግግር ያጋጥማችኋል፦
«እማማ፣ ዛሬ መሣሪያዎን አላደረጉም?»
«ተወኝ ልጄ፣ ይጮህብኛል እንጂ አይሰማልኝም።»

እማማ አልተሳሳቱም። ለዓመታት ጸጥታ የለመደ አንጎል የድስት ክዳን፣ የዶሮና የሞተር ድምፅ በአንድ ጊዜ ሲመጣበት ይጨነቃል። ልምምዱ ቀስ በቀስ ይሁን፦ በመጀመሪያ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ከአንድ ሰው ጋር፣ በቀን ጥቂት ሰዓት፤ ከዚያ ሰዓቱን እየጨመሩ ወደ ደጅ፣ በመጨረሻ ወደ ገበያና ወደ ጸሎት ቤት። ቤተሰብም ፊት ለፊት ሆኖ፣ ሳይጮህ፣ ቀስ ብሎ ይናገር። ይህንን በአኝዋክኛና በዓረብኛም አስረዱ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላም የሚያስቸግር ከሆነ የድምፁ ማስተካከያ መለወጥ አለበት፤ ሣጥን ውስጥ መቀመጥ የለበትም።

7. አስቸኳይ ማስጠንቀቂያ

ክብ ባትሪ የዋጠ ሕፃን ደህና ቢመስልም ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። በተለይ የሊትየም ክብ ባትሪ ጉሮሮ ውስጥ ከተሰነቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። እንዲያስታውክ አታድርጉ። በአፍንጫና በጆሮ የገባ ባትሪም እንዲሁ አስቸኳይ ነው። ያረጀ ባትሪና የተበላሸ መሣሪያ እሳት ውስጥ አይጣልም፤ ለጤና ጣቢያ ይመለስ።

መግል የሚወጣው ጆሮ ላይ መሣሪያ አይደረግም። መግል፣ ሕመም፣ ማዞር ወይም በድንገት የመጣ አለመስማት ካለ «ነገ ይሻለዋል» ሳትሉ በዚያው ቀን ኑ። በድንገት የጠፋ መስማት ቶሎ ከታከመ የመመለስ ዕድል ሊኖረው ይችላል።

የመከለሻ ጥያቄዎች

1. የአንዱን ሰው መሣሪያ ለሌላው ማዋስ የማይገባው ለምንድን ነው?
2. መሣሪያው ማታ ቻርጀር ላይ አድሮ ጠዋት ባዶ ቢሆን በመጀመሪያ ምን ታያላችሁ?
3. በውኃ የሚታጠበው የትኛው ክፍል ነው? የማይታጠበውስ የትኛው ዓይነት ነው?
4. ሶላር ብቻ ባለበት ቤት ተማሪ ልጅ መሣሪያውን ሳያጣ እንዴት ይሞላለታል?

የዓለም የመስማት ቀን በየዓመቱ ማርች 3፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 24፣ በዓድዋ በዓል ማግስት ይከበራል። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ በሚዞርበት ብሎክ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ መሣሪያ መኖሩን ጠይቆ፣ በክፍል 5 ያሉትን ደረጃዎች ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይሞክር። ያልተስተካከለውን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያችን ኑ።